በሩን ያልዘጋንበት ደም መጣጭ

የደብረ ታቦር ሰው ደም መጣጭ አይፈራም። ይህን የተረዳሁት ፊልሙን መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ የሰርግ ቪዲዮዬን እየቀረጽኩ አርፌ እቀመጥ ነበር። እኛ ጅብ እንፈራለን። ገብስ ሲያሸት በረዶ እንፈራለን። የሰው ዓይን እንፈራለን። ከመቃብር ተነሥቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ በር አንኳኩቶ «ልግባ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅን ሰው ግን ምን ብለን እንፍራው? ከብዙ ጎረቤቶቼ ይልቅ ጨዋ ነው።

ታሪኩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከማስተማር ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ የከተማችን ሰው የጻፉት አጭር ልብ ወለድ ነው። ሰርግና ክርስትና የምቀርጽባት ሱቄ ድረስ ራሳቸው አምጥተው፣ «አንቺ ልጅ፣ አንብቢውና ፊልም አድርጊው» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። መጽሐፉ ውስጥ በረሃ ወርዶ የቀረ አንድ ልጅ ደም መጣጭ ሆኖ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። የደም መጣጭ ሕግ አለ፤ ግባ ካልተባለ ደጃፍ አያልፍም። ስለዚህ በየቤቱ እያንኳኳ ይለምናል፤ የራራለትን ሰው ደም ይጠጣል። በመጨረሻ እናቱ ቤት ይደርሳል። እናትየው በድምፁ ታውቀዋለች። የሞተ መሆኑንም ታውቃለች። «አትግባ» ትለውና መወርወሪያውን ትወረውራለች። ደጅ ቆሞ ሲለምናት ይነጋል፤ ፀሐይ ታገኘውና አመድ ይሆናል። መንደሩ ይድናል፤ መጽሐፉም ያልቃል።

በአንድ መቀመጫ ጨረስኩት። ከዚያ ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ በመተማ በኩል የወጣው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ከካርቱም አንዳንዴ ይደውል ነበር። በመጨረሻ «ወደ ላይ፣ ወደ ሊቢያ ልንወጣ ነው፤ ስንደርስ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። አብሮት ከወጡት አንዱ ተመልሶ መጥቷል፤ በረሃው ላይ መኪና ቀይረው እንደተለያዩ ከመናገር በቀር እሱም የሚያውቀው የለም።

አስፈሪ ፊልም ያስለመደኝ ይኸው ወንድሜ ነው። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ገበያው አጠገብ ወደነበረው ቪዲዮ ቤት ይዞኝ ይገባል። የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ በመዳፉ ዓይኔን ይሸፍንና ምን እየሆነ እንደሆነ በጆሮዬ ይነግረኛል። የሚነግረኝ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ሲጮኹ «ምንም አይደል፣ ጭራቁ ዳቦ ይዞላቸው መጥቶ ደስ ብሏቸው ነው» ይለኛል። ሙዚቃው ሲከብድ «አሁን ደግሞ ሊመርቁት ተነሥተዋል» ይላል። እኔም አምኜ እስቃለሁ። መዳፉ ሁልጊዜ የድንች አፈር ይሸት ነበር። ዛሬም ድንች ስልጥ ድንገት የሚመጣብኝ ነገር አለ፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ትንሽ እቆያለሁ።

እናታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው ቤቷ። ገብስና ድንች ታሳርሳለች፤ ላሞች አሏት። እሱ ከሄደ ጀምሮ በሩን መወርወሪያ ወርውራበት አታውቅም፤ ገርበብ አድርጋው ትተኛለች። «እማ፣ ጅብ ይገባል እኮ» ስላት «ከገባ አባርረዋለሁ» ትለኛለች። ወንድሜ ወደ ቤት ሲመጣ አያንኳኳም ነበር፤ በትከሻው ገፋ አድርጎ ነው የሚገባው። ተዘግቶ ቢያገኘው የተቀየምነው እንዳይመስለው ትሰጋለች። ዘመዶቻችን ከዓመት ዓመት «ተዝካሩን አውጪ፣ ነፍሱን አታንከራትቺው» ይሏታል። «የማንን ተዝካር?» ብላ ትመልስላቸዋለች። ዞር ሲሉ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሟታል።

እኔም ከዘመዶቼ ወገን ነበርኩ። ፊልሙን የፈለግኩት ለዚህ ነው፤ ምን እደብቃለሁ። ልጇን አትግባ ብላ በሩን የዘጋች እናት አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብላ እንድታይ ፈለግኩ። ቁርጥ ያጠግባል ይባላል። ቁርጡን አውቃ፣ ደረቷን መትታ አልቅሳ፣ እንደ ሰው ተዝካር አውጥታ እንዲቀላት ፈለግኩ። እኔም ከእሷ ጋር አልቅሼ እንዲቀለኝ።

ቀረጻውን ነሐሴ ላይ አደረግነው፤ ጉም በነፃ ስለሚገኝ። ከጉና የሚወርደውን ጉም የትኛውም ማሽን አይሠራውም። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሌሊት መቅረጽ አልተቻለም፤ አመሻሽ ላይ በጉሙ ውስጥ ቀርጸን በኤዲቲንግ አጨለምነው። ከጉሙ በቀር ግን ሁሉም ነገር ጠላቴ ሆነ። ደም መጣጩን የሚተውነው ረጅምና ከሲታ የሒሳብ አስተማሪ ጓደኛዬ ፍልሰታን ጿሚ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ከቀይ ስር የጨመቅነውን ደም ጠብታዋን አልቀምስም አለ። ጥርሱን የሠራንለት ከሻማ ሰም ነው፤ ሻይ ሲጠጣበት ይቀልጣል። ቡሄ ሲቃረብ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጅራፍ ማጮህ ጀመረ፤ ጸጥ ያለ ትዕይንት ስንቀርጽ ጠብቆ ጧ! ይላል። የእናቴን የነፍስ አባት የእጅ መስቀላቸውን ለአንድ ትዕይንት እንዲያውሱን ብለምናቸው፣ «መስቀል ለሚሳለመው እንጂ ለሚሸሸው አይወጣም» አሉኝና ባርከው ሸኙኝ።

ከሁሉ የባሰው በሩ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ትዕይንት የእናቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ቀረጽን። እንዲተውኑ የለመንኳቸውም ራሳቸውን ነው። ደም መጣጩ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል፣ ሽማግሌው ይጠራጠራሉ፣ ይመረምሩታል፣ ሰማይና ምድር ይዞርባቸዋል፣ በስተመጨረሻ ይራራሉ። ስክሪፕቱ ላይ ይህ ሙሉ ገጽ ነው። «አክሽን» አልኩ። ጓደኛዬ ጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ...» ብሎ ሳይጨርስ ሽማግሌው ብድግ ብለው በሩን በረገዱት።

«ቤት የእግዚሐር ነው! ግባ፣ ግባ፣ ብርዱን አታስገባው!»

«አባባ፣ እንደሱ አይደለም» አልኳቸው። «ይጠራጠሩት። ማነህ፣ ከየት መጣህ ይበሉት።»

«ደጅ አቁሜ?»

«አዎ፣ ደጅ አቁመው።»

«እንግዳ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ ነው ከየት መጣህ የሚባል። እኔ ሳላውቀው አገሩ ተለወጠ እንዴ?»

ደጋግመን ሞከርን። አንዱ ላይ «ማነህ?» የምትለዋን ቃል በጭንቅ አውጥተው፣ መልሱን ሳይጠብቁ «በል ማንም ሁን ግባ» አሉት። ሌላው ላይ ባለቤታቸው ሳይነገራቸው ከጓዳ ውሃ ይዘው ወጡና የደም መጣጩን እግር ማጠብ ጀመሩ። ቀጥሎ ቆሎ ቀረበለት፤ ጓደኛዬም ጾሙን የዋለ ሰው ነውና ራሱን አልቻለም፣ አንድ እፍኝ ቃመ፤ ጥርሱ ተሰበረ። ያን ቀን ከሳቁ ብዛት ካሜራው በእጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የደም መጣጭ ታሪክ የሚሠራው ሰው በሩን መዝጋት በሚችልበት አገር ነው። ደራሲው ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ብነግራቸው «መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ሥሪ» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የእናትየዋን ክፍል የምትሠራው አንበሳሜ የምትኖር የቲያትር ልምድ ያላት ሴት ነበረች። ቀኑ ሲደርስ መንገድ ተዘጋ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም፤ ጉሙ ደግሞ አይጠብቀኝም። የምንቀርጽበት ቤት የእናቴ ነው፤ እናቴም እዚያው ናት። ጓደኛዬ አየኝ፣ እኔም አየሁት። አስቤያት የነበረው አዳራሽ ውስጥ ተመልካች አድርጌ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጭራሽ እሷ ራሷ በሩን ብትዘጋው ይሻላታል አልኩ በልቤ። ልለምናት ስገባ ሳቀችብኝ፤ ቢሆንም ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ልምምዱ መልካም ነበር። ጓደኛዬ ደጅ ቆሞ «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈችልኝ» ሲል ፊቷ ላይ የታየውን ሰባት ዓመት የተማረ ተዋናይ አያመጣውም። «አትግባ» የምትልበት ጋ ስንደርስ ግን ዝም አለች።

«እማ፣ ረሳሽው? አትግባ ነው የምትይው።»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ በይዋ።»

«ይች ከአፌ አትወጣም።»

«ጨዋታ ነው እኮ! ታውቂው የለ፣ አስተማሪው ነው። አሁን ሽሮ ያበላሽው።»

«አውቄዋለሁ።»

«ልጅሽ አይደለም!»

«እንጃ እንግዲህ። በሬ ላይ ቆሞ እማዬ እያለኝ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። እናት ልጇን አትግባ ካለች ቃሉ የት ሄዶ የት እንደሚያገኘው ምን ታውቂያለሽ? ያለበት አገር በር ቢዘጋበትስ?»

ተናደድኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ብርሃኑ እየሄደ ነው፣ ጉሙ እየሳሳ ነው፣ ጥርሱ እየቀለጠ ነው፤ እሷ ደግሞ በረሃ ላይ ለቀረ ሰው በር ታስብለታለች። ጓደኛዬ በእርጋታ «እማማ፣ አይናገሩ ግድ የለም። ዝም ብለው በሩን ብቻ ይዝጉት» አላት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ መሰለን።

ካሜራውን ከጓደኛዬ ትከሻ በስተኋላ አድርጌ ቆምኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈችልኝ» አለ። በሩ ተከፈተ። እናቴ ልትዘጋው እጇን በሩ ላይ አላኖረችም። ዓይኗም እሱ ላይ አልነበረም፤ በትከሻው ላይ አልፋ ቀጥታ ሌንሱን ታያለች። የሰርግ እድምተኛ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፤ «ካሜራውን አትዪ» ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ግባ» አለች። «ሞተህም ቢሆን ግባ። ታመህም ቢሆን፣ እስር ቤት ቆይተህም ቢሆን፣ ባዶ እጄን አልመለስም ብለህ አፍረህም ቢሆን ግባ። ማንም ምንም አይልህም። እኔ አለሁ።»

ጓደኛዬ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ስክሪፕቱ ላይ የለም። ጎንበስ አለና ገባ። «ካት» ማለት ረስቼ ካሜራው ባዶውን በር ሲቀርጽ ቆየ። ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር።

«እማ፣ ለምንድን ነው እኔን የምታዪኝ?» አልኳት በኋላ፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም።

«አንችን ማን አየሽ? ይሄ ዕቃሽ አገር ላገር ይዞራል አላልሽኝም?» አለችኝ በጣቷ ሌንሱን እያሳየች። «ባጋጣሚ ቢያየኝ ብዬ ነው።»

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች። ለወራት ስለ ፊልም ሳወራላት እኔ የማስረዳት ይመስለኝ ነበር።

ኤዲቲንጉን ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነው የሠራሁት። ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ነው የሚተያየው፤ እሷ ብቻ ከስክሪኑ ወጥታ ታየኛለች። «ግባ» የምትልበት ድምፅ ድሮ ወንድሜ ከመስክ ሲመጣ የምትጠራበት ድምፅ ነው፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ለማንም አውጥታው አታውቅም። ያንን ቦታ ስንቴ እየመለስኩ እንደሰማሁት አላውቅም። ናፈቀኝ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ይህን ቃል ለራሴ ብዬው አላውቅም ነበር። ስለ ተዝካር ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ስለ ቁርጥ ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ወንድሜ ናፈቀኝ ያልኩት ግን ያን ጊዜ ነው።

ደራሲው የመጨረሻውን ትዕይንት አይተው «መጽሐፌን ገደልሽው» አሉኝ። ልጁ አመድ እንዲሆን ሌላ ሴት አምጥቼ እንድቀርጽ ለመኑኝ፣ ተቆጡኝ፣ ሽማግሌ ላኩብኝ። እምቢ አልኩ።

ምርቃቱን በሰዓት እላፊው ምክንያት ከቀትር በኋላ አደረግነው። አዳራሹ ጢም አለ፤ ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ግማሹ ሽማግሌውን ገበሬ ሊያይ የመጣ የአካባቢ ሰው ነው። በጥርሱ ሳቁ። በጅራፉ ጩኸት ከወንበር ተነሡ፤ ሆን ብዬ ያስገባሁት መስሏቸው «ሳውንዱ ይገድላል» ሲሉ ሰማኋቸው። የእግር እጥበቱ ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ በር ላይ ስንደርስ ተማሪዎቹ «አትክፈቺ! አትክፈቺ!» እያሉ ጮኹ። ከፈተች። «ግባ» አለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ እልልታውና ለቅሶው ተደበላለቀ። ስንት እናት ተቀምጣ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። በዚህ ዓለም በእልልታ የገባ ደም መጣጭ ቢኖር የእኛው ብቻ ይመስለኛል። ደራሲው ሲወጡ መነጽራቸውን እየጠረጉ «ቢሆንም አመድ መሆን ነበረበት» አሉኝ።

እናቴ ፊልሙ ሲታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነው የጨረሰችው። በባጃጅ ስንመለስ ጎኔ ተቀምጣ «አሁን ሄደ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሲኒማው። አገር ላገር ሄደ ወይ?»

ገና እንደሆነ ነገርኳት። አንድ የአዲስ አበባ አከፋፋይ ሊገዛው እንደሚፈልግ፣ እዚያ በየሲኒማ ቤቱ ካሳየው በኋላ ወደፊት ኢንተርኔት ላይ እንደሚያወጣው በደስታ አስረዳኋት። ለእኔ ከሰርግ ቪዲዮ መውጫ በር ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት።

«አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» አለች። «እሱ አዲስ አበባ የለም።»

በማግስቱ ለአከፋፋዩ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ፊልሙን ማንም በስልኩ በነፃ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። ጓደኛዬ «ደግ አደረግሽ» አለኝ። ደራሲው ለሁለታችንም የሚሆን ስድብ ነበራቸው። ሰርግ መቅረጼንም ቀጠልኩ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጋ እወጣለሁ። እሷ ለዘር የሚሆነውን ድንች ትለያለች፤ እኔ ከፊልሙ ሥር የተጻፈውን አስተያየት አነብላታለሁ። «ማን አየው?» ትለኛለች ገና ሳልቀመጥ። ከሪያድ አይተውታል። ከቤሩት አይተውታል። ከካርቱም፣ ከትሪፖሊ አይተውታል። «ደም መጣጭ ግባ ይባላል? የጎንደር ሰው አያልቅበት!» ያለም አለ፤ ይህን ሳሰማት ትስቃለች። ጥርሱን የሰደበ ብዙ ነው። «እናቴን መሰለችኝ» የሚለው ግን ከሁሉም ይበዛል።

ባለፈው ቅዳሜ ረዘም ያለ አገኘሁ። ከየት እንደሆነ አልጻፈም። «ይህን አይቼ እናቴ ጋ ደወልኩ» ይላል። «ከወጣሁ ጀምሮ ደውዬላት አላውቅም ነበር፤ ባዶ እጄን ስለሆንኩ አፍሬ ነው። ሞቷል ብላ ተዝካሬን አውጥታልኝ ነበር። ድምፄን ስትሰማ ስልኩ ከእጇ ወደቀ።»

የእናቴ እጅ ድንቹ ላይ ቆመ።

«ተዝካሩን አውጥታ?»

«አዎ፣ እማ።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ የእናቱ አምላክ። ገባላት።»

ቅናት ፊቷ ላይ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ድንቿ ተመለሰች። እኔ ግን ማንበብ አቃተኝ።

«ሌላስ?» አለችኝ።

ስልኩን አንሥቼ ቀጠልኩ። ፊደል ስለማትቆጥር አታውቅብኝም እንጂ፣ ከጽሑፉ አስቀድሜ የማየው የጻፈውን ሰው ስም ነው።